በዓይን የታየ ጢስ

ሐብተ ማርያም ጫኞቹ የበቅሎዎቹን ገመድ እስኪፈቱ ድረስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እርሳሱን ይቀርጽ ነበር። ምላጩን በቀስታ እየገፋ፣ ፍቅፋቂው እንዳይበተን በግራ መዳፉ እየተቀበለ፣ ጫፉን መርፌ አስመሰለው። ከዚያ ፍቅፋቂውን የሚጥልበት ንጹሕ ቦታ ፈልጎ አጣ። ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ያለው ሁሉ ጭቃ ነው። ኪሱ ከተተው።

ፊት ለፊቱ ያለችው መንደር ሾላ ማዶ ትባላለች፤ ከትክል ድንጋይ የግማሽ ቀን መንገድ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ በረዶ ጥሎ፣ ሾላ ወንዝ ድንጋይ እያንከባለለ ወርዶ ዐሥራ አንድ ጎጆ ጠርጎ ወሰደ። ሰው አልሞተም፤ ግማሹ ገበያ ነበር፣ ግማሹ ከብቱን ተከትሎ ተራራ ላይ ነበር። ውኃው የፈለገው ቤት ብቻ ነው። ጣሪያውን፣ ምሰሶውን፣ ድስቱንና ቁናውን ወሰደ። የጭቃ ሹሙ የዋኘው በር ብቻውን እንደ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ወንዙን ሲወርድ ያዩ አሉ። መንገዱ ወደ ሳንጃ ነው ብለው እስካሁን ይምላሉ።

ጣልያን ከወጣ ዐሥራ ሦስተኛው ክረምት ነበር። ሐብተ ማርያም ጎንደር ከካህናት ቤት ተወልዶ፣ እስከ አምና ድረስ የቅኔ ተማሪ ሆኖ ቆይቶ፣ ዘንድሮ ነው ጽሕፈት ቤት የገባው። ጽሕፈቱ የተጣራ ነው። ድምፁ ግን ሦስት ክንድ ሳይሄድ ይደክማል። አለቃው ዐሥራ አንድ ከረጢት አስረክቦ ወደ ሾላ ማዶ ሲልከው፣ እያንዳንዱ ከረጢት አፉ ተሰፍቶ በሰም ታትሞ ነበር። ውስጡ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ድስት፣ አንድ ሳሙና፣ አንድ ክብሪትና አንድ ጓጉንቸር ከነቁልፉ አለበት። ጓጉንቸሩን የሰጠ አንድ የከተማ ነጋዴ ነው፤ ለነፍሱ ብሎ። በር የሌለው ሰው ምን ይቆልፍበታል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሰው ለነፍሱ የሰጠው ነገር አይመረመርም።

ከከረጢቶቹ ጋር አንድ ደብዳቤ ነበረ። ሐብተ ማርያም በቃሉ ይዞታል። «ለአንድ ጢስ አንድ ከረጢት ይሰጥ። ጢሱ ሲወጣ በዓይን ሳይታይ ግን ማኅተም አይፈታ።» ይህ ያለ ምክንያት አልተጻፈም። አምና ሌላ አገር የተላከ ጸሐፊ፣ ሰዎቹ የነገሩትን አምኖ ለአርባ ቤት ሰጥቶ ተመለሰ፤ በኋላ ሲታይ ቤቱ ዘጠኝ፣ ሠላሳ አንዱ የጭድ ክምር ሆኖ ተገኘ። በደብዳቤው ግርጌ ደግሞ አለቃው በገዛ እጁ ጨምሮበታል። «ዝርዝሩ ለመጪው ዓመት የጢስ ቆጠራም ይሆናል። ሁለት ጊዜ በቅሎ አንከራይም።»

ጭቃ ሹም ዋኘው ገና ያልደረቀ ጋቢውን አጣፍቶ መጣ። ከኋላው ሠላሳ የሚሆን ሰው ተከትሎት ነበር።

«እንኳን ደህና መጡ ጌታው» አለና እጅ ነሣ።

«እንኳን ደህና ቆያችሁ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ ሐብተ ማርያም። ወረቀቱን ዘረጋ። «ለእያንዳንዱ ጢስ አንድ ከረጢት አለ። ጢሶቹን ለማየት ነው የመጣሁት።»

«የትኞቹን?»

«የእናንተን።»

ዋኘው ወደ ኋላው ዞሮ ሕዝቡን አየ። ሕዝቡም እሱን አየው። ከሾላ ማዶ ላይ እንኳን ጢስ፣ የጢስ ሽታ አይሸትም።

«ጢስ የለንም» አለ ዋኘው፤ ከአባቱ እንደተማረው፣ ኮስተር ብሎ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «እስከ ዛሬ ጠዋት ነበረን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሾላ ማዶ ከጎርፉ ያተረፈችው አንድ እሳት ነበር። ከተራራው ሥር ካለው ዋሻ አፍ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ በፈረቃ እየጠበቁ፣ እህል እየቆሉ፣ ልጆች እያሞቁ አቆዩት። ዛሬ ጠዋት ግን ከጋራው አናት ላይ በበቅሎ የሚመጣ፣ ወረቀት የያዘ ሰው ታየ። በሾላ ማዶ ደግሞ ወረቀት የያዘ ሰው ከጋራው ላይ ከታየ እሳት ይጠፋል። ቆጣሪ የሚቆጥረው ጢስ ነው፤ ጢስ ከሌለ ቤት የለም፣ ቤት ከሌለ ግብር የለም። አያቶቻቸው አጥፍተዋል፣ አባቶቻቸው አጥፍተዋል፣ በጣልያን ጊዜማ ዐሥራ አንዱን ምድጃ አቡነ ዘበሰማያት ተጀምሮ ሳያልቅ ያጠፉበት ቀን አለ። ዛሬም «አጥፉ» ያለ ሰው የለም። አንዱ ውኃ ደፋ፣ አንዱ እርጥብ ቁርበት ጣለ፣ አንዷ አመዱን በተነች፤ አለቀ። ካጠፉ በኋላ ነው እርስ በርስ የተያዩት።

«ምነው አጠፋችሁት?» አለ ሐብተ ማርያም።

«መጡና!»

«የመጣሁት ልሰጣችሁ ነው እኮ።»

«ይህንን ከሩቅ ማን ያውቃል ጌታው? ከሩቅ የሚታየው ወረቀቱ ነው።»

ሐብተ ማርያም ወረቀቱን ወደ ደረቱ አስጠጋ፤ ያፈረበት ይመስል። «እንግዲያ አሁን አንድዱት።»

«በምን? ባልጩቱም ርሷል፣ ጥጡም ርሷል። ማዶ ያለው መንደር እሳት አለው፤ ግን ወንዙ በእግር አይሻገርም፤ በበቅሎም ደርሶ መልሱ ይመሻል። ክብሪት ይዘዋል?»

«ይዣለሁ።»

«ተመስገን! ወዲህ ይበሉት።»

«ከረጢቱ ውስጥ ነው።»

«ይፍቱታ!»

«ጢስ ሳላይ አልፈታም።»

ዋኘው ጢሙን ያዘ። «ጢሱ ከየት ይምጣ?»

«ከክብሪቱ።»

«ክብሪቱስ?»

«ከረጢቱ ውስጥ ነው» አለ ሐብተ ማርያም፤ ከልቡ አዝኖ።

ጭቃ ሹሙ ቀስ ብሎ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። «ይህንን ያሰበ ሰው ብዙ ተምሯል» አለ፤ እንደ አክብሮት በሚመስል ድምፅ።

ከጫኞቹ አንዱ ጣልቃ ገባ። ክብሪት የለውም፤ ሐሳብ ግን ነበረው። «ጌታው፣ ዝናቡ ሳይጥል ወንዙን ካልተሻገርን በቅሎዎቹ ያልቃሉ። ቀትር ካለፈ እንጭናለን። ከረጢቶቹ ከነማኅተማቸው ይመለሳሉ።» ከዚያ በኋላ ሾላ ማዶ ጢስ ፍለጋ ወጣች።

መጀመሪያ የተገኘው ከፍግ ክምር ላይ ነው። ፀሐይ ትንሽ ብቅ ስትል እንፋሎት ተነሣበት። «ይኸው ይጤሳል!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ወዲያው ሦስት ሰዎች ክምሩ የእኔ ነው ብለው ተጣሉ። ትናንት ግን ፍጉ መንገድ ዘጋ ሲባል የማንም አልነበረም። ሐብተ ማርያም ሄዶ እጁን ዘረጋበት፤ ረጠበ። «ይህ እንፋሎት ነው» አለ። ሦስቱም ባንዴ ክምሩን ለሌላው ለቀቁ።

ቀጥሎ አላምረው ተነሣ። አላምረው ጥቅጥቅ ያለ ጺም ያለው፣ የሾላ ማዶ ጉልበተኛ፣ ባለ ምንሽር ነው። ከጎርፉ ሲያመልጥ በሬዎቹንና ጠመንጃውን ይዞ ነው የወጣው። «ጌታው ጢስ ይፈልጋሉ?» አለና ወደ ሰማይ ተኮሰ። በቅሎዎቹ ደነበሩ፤ ሕፃናት አለቀሱ፤ ከአፈሙዙ ላይ ቀጭን ነጭ ጢስ ወጣ። «ይኸው! በዓይንዎ አዩት። የእኔ ጢስ ነው።»

ሐብተ ማርያም ጢሱን እስኪጠፋ ድረስ በጥንቃቄ ተመለከተው። ደብዳቤው ስለ ጠመንጃ የሚለው ነገር የለም። «አሁን የት ነው ያለው?» ሲል ጠየቀ።

«ማን?»

«ቤቱ።»

«ነፋስ ወደ ትክል ድንጋይ ይዞት ሄደ» አለች አንዲት አሮጊት፤ ሕዝቡ ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

አላምረው አልሳቀም። ጠመንጃውን አንግቶ ወደ ጸሐፊው ተጠጋ። «ይሁን። ጢሱ ይገኛል። ሲጽፉ ግን አንድ ነገር ይያዙልኝ። የሟች ወንድሜ ሚስት ይመኙሽ ከእኔ ጢስ ጋር ትጻፍ። ባል የላትም፣ ቤት የላትም። ከረጢቷም ቤቴ ይግባ፣ መሬቷም ...» እዚያ ላይ ቆመ። መቆም አያስፈልገውም ነበር። የይመኙሽ ማሳ በአላምረው ሁለት ማሳዎች መካከል መሆኑን ሾላ ማዶ ሁሉ ያውቃል። ዘንድሮ በእሱ ጢስ ሥር ከተጻፈች፣ ለመጪው ዓመት በእሱ ሥር ትቆጠራለች፤ ከዚያ በኋላ ማሳው የማን እንደነበረ የሚያስታውስ የወንዙ ድንጋይ ብቻ ነው።

ሐብተ ማርያም «ጢሱ ሲታይ» አለ። ፈቀቅ ብሎ ቆመ።

ያኔ ነው አንዲት ሴት በጀርባዋ ሕፃን አዝላ ወደ እሱ የመጣችው። ድምፅዋ እንደ እሱው ትንሽ ነበር፤ ስለዚህ ለመሰማማት ሁለቱም አንገታቸውን ማስገግ ግድ ሆነባቸው።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጢሱ ከታየ፣ ጣሪያ ባይኖርም ቤት ነው?»

ሐብተ ማርያም ደብዳቤውን በልቡ አነበበው። «ስለ ጣሪያ አይልም።»

«ስለ ባልስ?»

«ስለ ባልም አይልም።»

«እንግዲያ ይከተሉኝ። ይመኙሽ እባላለሁ።»

ከቤቷ የቀረው እስከ ጉልበት የሚደርስ የግድግዳ ቁራጭና አንድ ቋሚ ነበር። በመካከሉ ግን ሦስቱ የጉልቻ ድንጋዮች እንደነበሩ አሉ። ባሏ ከመሞቱ በፊት ሲተክላቸው ግማሽ ድረስ ቀብሯቸው ነበር፤ ውኃው ቤቱን ከላያቸው ላይ አንሥቶ እነሱን ትቷቸው ሄደ። ይመኙሽ ተንበርክካ በጉልቻው መካከል የተደፋውን የገንቦ ስባሪ አነሣች። ሥሩ አመድ፣ ከአመዱ ሥር ኩበት፣ ከኩበቱ ልብ ውስጥ እንደ ጉበት የቀላ ፍም ነበር።

«ካለፈው እሑድ ጀምሮ ከዋሻው እሳት ወስጄ እዚህ ነው የማዳፍነው። ዛሬ ጠዋት ሁሉም ሲያጠፋ እኔ አመድ ጨመርኩበት እንጂ አላጠፋሁም።»

«ቆጣሪ ሲመጣ?»

«እኔ መቆጠር ነው የምፈልገው» አለች።

ሐብተ ማርያም በበጌምድር እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን ሰምቶ አያውቅም፤ ጽሕፈት ቤቱም አልሰማም። ይመኙሽ ጎንበስ ብላ እፍ አለችው። መጀመሪያ አመዱ ተነሣ፤ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ቀጭን፣ እውነተኛ ጢስ ጣሪያ ሳይይዘው ቀጥ ብሎ ወጣ። የጸሐፊው ዓይን እንባ አቀረረ። ከጢሱ ነው። እርሳሱን አነሣ።

«እንዳይጽፉ!» አላምረው ከኋላ ሲሮጥ ደረሰ፤ መንደሩም ተከትሎት። «ይህ የወንድሜ ቤት ነው። የወንድሜ ጢስ የእኔ ነው። ዋኘው፣ አንተ ተናገር፣ በዱሮው ቆጠራ በወንድሜ ስም አይደለም ወይ?»

«በሱ ስም ነው» አለ ዋኘው፤ እውነት ነበርና።

«ይኸው። ደግሞ ይዩ፣ ጢሱ ራሱ ወዴት እንደሚሄድ!» ነፋሱ በእርግጥ ጢሱን ወደ አላምረው ማሳ ይወስደው ነበር። አንዳንዶች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ምልክት ነው ብለው።

ሐብተ ማርያም እርሳሱን ወረቀቱ ላይ ሳያሳርፍ፣ ከወረቀቱም ሳያርቅ ቆመ። ደብዳቤው ጢሱ መታየት አለበት ይላል፤ ጢሱ ታይቷል። የማን እንደሆነ በምን እንደሚታወቅ ግን አይናገርም። ከደጋው ላይ ጥቁር ደመና ጎንበስ ብሎ ነበር። ጫኛው ገመዱን በእጁ ላይ ጠቀለለው።

ይመኙሽ ፍሙን መልሳ በአመድ ሸፈነችው። ጢሱ ቆመ።

«ምን አደረግሽ አንቺ!» አለ ዋኘው።

«አዳፈንኩት። የአያ አላምረው እሳት ከሆነ፣ መጥተው ያንድዱት፤ ኩበቱ የት እንዳለ ያውቃሉ።» አላምረው አያውቅም ነበር። «እሳት የፈለገ ሰው ግን እሳት አልከለክልም። ሰው ጎረቤቱ ቤት ሄዶ እሳት እንደሚጭረው፣ በደጄ መጥቶ ይጠይቅ።»

«ደጅሽ የታለ?» አለ አንዱ።

ይመኙሽ ወደ ቋሚው ጠቆመች። ከቋሚው በስተቀኝ፣ ግድግዳው የተቋረጠበት፣ ምንም የሌለበት ቦታ ነበር። «እዚያ ነበር። አሁንም እዚያ ነው።»

 ከዚያ ጭቃ ሹም ዋኘው፣ በሩ ሳንጃ የሄደበት ሰው፣ ጋቢውን አስተካክሎ ዞረና ባዶው ቦታ ፊት ቆመ።

«ቤቶች!» ብሎ ተጣራ።

«ማነው?» አለች ይመኙሽ፤ ሁለት ክንድ ርቃ፣ ፊት ለፊት እያየችው።

«ዋኘው ነኝ። እሳት ልጭር ብዬ።»

«ይግቡ አያ ዋኘው።»

በገል ፍም ሰጠችው። እየነፋበት ወደ ቤቱ ቦታ ሮጠ። ከዚያ ተራው መጣ፤ አንድ በአንድ፣ ገል ይዘው፣ ኩበት ይዘው፣ ልቡ የደረቀ የወይራ ፍልጥ ይዘው። «ቤቶች!» «ማነው?» «እሳት ብዬ።» «ይግቡ።» አሮጊቲቱ እንዲያውም ስትወጣ «እንዴት ያለ ሸጋ ቤት ነው፣ ያሙቅልሽ» ብላ መረቀች። ከየቦታው፣ ከየሦስት ድንጋዩ መካከል ጢስ ተነሣ። ሐብተ ማርያም ወዲያና ወዲህ እየሮጠ ያየውን ይጽፍ፣ ማኅተም ይፈታ፣ ከረጢት ያስረክብ ገባ። ከየከረጢቱ ክብሪት ይወጣል፤ እሳቱ ግን አስቀድሞ ይነድዳል። ዘጠኝ ጢስ ቆጠረ።

ሁለት ቀሩ፤ የይመኙሽና የአላምረው።

አላምረው ከቤቱ ቦታ ላይ ቆሞ ነበር። ሦስት ድንጋይ አስቀምጧል፤ እንጨት ደርድሯል፤ ምንሽሩን ከጎኑ አቁሟል። ለጎረቤቶቹ «ፍም አካፍሉኝ» ብሎ ጠየቀ።

«ገና አልያዘልኝም አያ አላምረው» አለ አንዱ፤ እሳቱ ከኋላው እየተንቀለቀለ።

«የይመኙሽ ቤት ቅርብ አይደለም ወይ?» አለ ሌላው።

የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች ወደቁ። ጫኛው «ጌታው፣ ወንዙ!» ብሎ ተጣራ። አላምረው ሰማዩን አየ፤ ድንጋዮቹን አየ፤ የተረፉትን ሁለት ከረጢቶች አየ። ከዚያ የገንቦ ስባሪ ከመሬት አንሥቶ ሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠመንጃውን ትቶ ሲሄድ ታየ። ከባዶው ቦታ ፊት ሲደርስ ቆመ።

«ቤቶች» አለ፤ ከሐብተ ማርያም እንኳ ባነሰ ድምፅ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

ዝናቡ ጠነከረ። «አላምረው ነኝ። እሳት ልጭር ብዬ ነው።»

«ይግቡ አያ አላምረው። ቤት ለእንግዳ ነው።»

አላምረው ገባ። ቁመቱ ረጅም ነው፤ ወንድሙ በሕይወት ሳለ ወደዚህ ቤት ሲመጣ ግንባሩን ከመቃኑ ጋር ሳያጋጭ ቀርቶ አያውቅም ነበር። አሁንም ሲገባ፣ እግሩ ደፉን እንዳለፈ፣ ከራሱ በላይ ምንም ለሌለው ለዚያ ቦታ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጎንበስ ብሎ አለፈ። ሲወጣም፣ ፍሙን ከዝናብ በመዳፉ ከልሎ፣ እንደገና ጎነበሰ።

መንደሩ ሁሉ አየ። ሐብተ ማርያምም በዓይኑ አየ። እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈና፣ በቅኔ ቤት እንደለመደው ፊደሉን እያሳመረ፣ «የይመኙሽ ጢስ፤ አንድ» ብሎ ጻፈ። «ለብቻው» ብሎ ጨመረበት። ከዚያ የአላምረው እሳት እስኪጤስ ጠብቆ እሱንም ጻፈው።

የመጨረሻውን ማኅተም የፈታው ለይመኙሽ ነው። ብርድ ልብሱን በሕፃኗ ላይ ጣለችው፤ ድስቱን ገልብጣ ፍሙን ከዝናብ ከለለችበት። ከከረጢቱ ሥር የቀረውን አውጥታ አገላበጠችው።

«ይህስ?»

«ጓጉንቸር ነው። በር ይቆለፍበታል» አለ ሐብተ ማርያም፤ ፊቱ ቀላ።

«ደግ ነው። አሁንማ የሚቆለፍ ቤት አለኝ» አለች፤ ቁልፉን ከታች ከትታ አዞረችው፤ አልዞረም። ዝጓል። «ጌታው፣ እንሂድ!» የሚለው የጫኛው ድምፅ ከወንዙ ዳር መጣ።

«አንድ ጊዜ» አለ ሐብተ ማርያም። ከጉልቻው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ኪሱን በረበረ። የጠዋቱ የእርሳስ ፍቅፋቂ እዚያው ነበር። እንጨቱን ለየ፤ ጥቁሩን ዱቄት በጣቱ ጫፍ ሰብስቦ በዘይት ፈንታ በቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ ጨመረ፤ እፍ አለበት፤ ቁልፉን አስገብቶ በቀስታ አዞረ። ቀጭ አለ። ዘጋው፣ ከፈተው፣ ደግሞ ዘጋው። ከዚያ ጓጉንቸሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ፣ ቁልፉን ከላዩ ላይ አድርጎ፣ ከሦስተኛው ጉልቻ ጎን ውኃ በማይደርስበት በኩል አስቀመጠው።